ዳና

በሥራ ቀን ባጃጅ፣ ከአራዳ አዘዞ፣
ሦስት ሰው ከኋላ፣ አንዱ ዶሮ ይዞ፤
ትራፊክ ሲነፋ ገና ከአደባባይ
ልቤ ፍሬን ይረግጣል ከእግሬ ቀድሞ፣ ሳያይ።
ዛሬ ግን ቅዳሜ፤ ፊሽካው አንገቴ ላይ፤
ጋሽ ባዘዘው ያወረሰኝ፣ የጥርሱ ጠባሳ አፉ ላይ።

«ሩጫውን ማንም ይዳኛል» አለኝ ጋሽ ባዘዘው፣
የማራኪ ንፋስ ጉልበቱን ሲይዘው፤
«የዳኛ ልኩ ሁሉም ቆሞ ሳለ ነው።
አንዱ ሲወረውር፣ ሌላው ትንፋሹን ሲውጥ፣ ያኔ ነው።»

ነጻ ውርወራ ይሉታል።
ምኑ ነው ነጻነቱ?
መስመሩ ተሰምሯል፣ ተቆጥሯል ሰዓቱ፤
አምስት ሰከንድ ብቻ፣ ከዚያ ወዲያ የለም፤
ለወርዋሪ ማታለል፣ መስሎ መቅረት የለም፤
ከሥር ተከላካይ፣ ከጎኑ አጥቂ፣
እንደ ታክሲ ሰልፍ ተራውን ጠባቂ፤
ኳስ ከጣት ሳይለቅ ጫማ መስመር ካለፈ
ጥፋት ነው፤ ንፋ።
ኳሱ ከገባ ግን
የተከላካዩ ጥፋት ተረሳ፣ ተሰረዘ፣ ጠፋ።
«እንደ ንስሐ?» ብዬ ጠየቅሁት።
«ከንስሐ ይፈጥናል» አለና ሳቀ፤ እኔ ግን ጻፍሁት።

ሜዳው ባዶ ሳለ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት፣
አምስት ድንጋይ ደርድሬ፣ ግራ ሦስት ቀኝ ሁለት፣
ቢጫ ጀሪካን ወርዋሪ አድርጌ
«ሁለት!» አልሁት፣ ጣቴን ከፍ አድርጌ።
ጀሪካን ጥሩ ነው፤ ዳኛ አይሰድብም።
ልምዱ ግን መንገድ ላይም አልተወኝም፤
ፒያሳ ላይ ሳላስበው ሁለት ጣቴ ወጣ፣
ሁለት ሰው ከነዕቃው እየሮጠ መጣ።

ከዚያ ያ ጨዋታ። አዘዞ ከአንገረብ፣ የሴቶች።
አርባ አንድ ለአርባ አንድ፣ አሥራ ሁለት ሰከንድ የቀረው።
የደበዘዘውን መስመር በኖራ ያደስነው
በዚያው ማለዳ ነው።
ውባለም ቆመች። የመጀመሪያውን ሳተች።
ሁለተኛውን ሰጠኋት። ሦስቴ አነጠረች፣
የግንባሯን ላብ በክንዷ ጠረገች፤
እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣
ከሕዝቡ ጋር አብሬ አንገቴን አቀናሁ፣
ኳሱ ሲሄድ ሄድሁ፣ ሲወጣ ወጣሁ፤
የብረቱን ከንፈር ሁለት ጊዜ ዞሮ
ወደቀ። የአንገረብ ልጅ ይዛው ሮጠች።
ውባለም ቀለበቱን አላየችም።
እኔን አየች።

ሰዉ ሲበተን ጋሽ ባዘዘው መጣ።
አልተቆጣም። በከዘራው ጫፍ ብቻ አሳየኝ፤
ከመስመሩ አልፎ፣ ከሳጥኑ ውስጥ፣
ግማሽ ጫማ፣ ነጭ፣ የኖራ ዳና።
«ዳናና ዳኛ» አለ፣ «ልዩነታቸው
ናዋ ላይ ቆብ መድፋት ነው።
አንተ ቆቡን ደፍተህ ዳናውን ተውከው።»

ኳሱ ከእጇ ሳይወጣ ይሁን ከወጣ በኋላ
ዳና አይናገርም።
ምስክሩ ዓይኔ ነበር። እሱ ደግሞ ሰማይ ሄዷል።

ማክሰኞ ውባለም ባጃጄ ላይ ተሳፈረች።
የቀበሌውን መታጠፊያ እስክናልፍ አላወራንም።
ስትወርድ ብር ሰጠችኝና
«መልስ አለህ?» አለችኝ።
ዝርዝር ነበረኝ።

ቀጣዩ ቅዳሜ፣ እዚያው ሜዳ፣ ያው ንፋስ።
ጣቶቼን አሳየሁ፣ ኳሱን ሰጠሁ፣ ወደ ቦታዬ ሸሸሁ።
ዓይኔ ምድር ላይ፤
የተፈታ የጫማ ማሰሪያ፣
በኖራ የነጣ አፍንጫ፣
ተረከዟን ያነሳች፣ ግን ያልተሻገረች አንዲት ቀጭን ልጅ።
ሕዝቡ ትንፋሹን ሰበሰበ።
አንገቴ ለመነኝ፣ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፤
ከለከልሁት።
ከዚያ ጫማዎቹ ሁሉ ባንድ ላይ ተነሡ፣ በጊዜያቸው፤
መረቡ «ሽው» አለ፣ ወይ ንፋሱ ነው፣ እንጃ።
ቀና ብዬ ባልደረባዬን በዓይኔ ጠየቅሁት፣
ገባ ወይ?

አንዲት ጣቱን ከላይ ወደ ታች ሰበረ።