የግርጌ ማስታወሻ

ስሟ ራሱ ጠብ ነው፣ የዚያች የወንዝ ዳር ከተማ፤
ግማሹ ደሪ ይላታል፣ ግማሹ ሌላ፤ ማንም ከማንም ላይስማማ።
ኔሳ የዚያ ሰፈር ልጅ ናት፣ ከግንቡ በታች ነው ቤቷ፤
ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጨርቅ ቆራጭ ነበረች እናቷ።

አርባ ዓመት አስተማረች፣ የሞተ ሰው ስትቆጥር፣
በየስብከቱ ወረቀት፣ የባሩድ ሽታ ስትመረምር።
የትኛው ቄስ ምን እንዳለ፣ በየትኛው እሑድ ጠዋት፣
ከየትኛው መዝሙር ቀጥሎ፣ የማን ቤት እንደጋየ በእሳት፣
ታውቃለች።

ገና ተማሪ ሳለች ግን፣ መምህሯ መነጽሩን አውልቆ፣
ረቂቋን በአንድ ጣቱ፣ ከፊቱ ገፋ አርቆ፣
«ሴቶቹማ አለቀሱ» አላት፤ «ከዚያ ወዲያ ምን አለና?
ለግርጌ ማስታወሻ ይበቃል፤ ዋናው ገጽ ጠባብ ነውና።»

ግርጌ ወረደች።
ሠላሳ ዓመት እዚያው ኖረች።

ከደቃቁ ፊደል መሃል፣ ከትንንሾቹ ቁጥሮች ሥር ገብታ፣
ባልዲ ይዛ የወጣችን ሴት አገኘች፣ አስፋልት ላይ ተደፍታ፣
የጎረቤት ልጅ ደም ስታጥብ። በቀዝቃዛ ነው፤ ሙቅ ውሃ ደም ያረጋል፤
ይህን ከወንዶቹ መዝገብ፣ የትኛው አንባቢ ያገኘዋል?
በአንድ እጇ መቁጠሪያ፣ በሌላው የጣሳ ክዳን ጨብጣ፣
ወታደር ሲመጣ ሰፈሩን የምታነቃ፣ አስፋልቱን ቀጥቅጣ።
ከወንዙ ማዶ ደግሞ፣ የባሏን የፖሊስ ሸሚዝ ቤት ውስጥ የምታሰጣ፣
ሞት ከልብስ ገመድ ተነስቶ፣ ደጃፏ ድረስ እንዳይመጣ።

ሦስት መጽሐፍ ወጣ። ማዕረጉም መጣ፤ መምህሯም ሞተ።
ጡረታ ሊደርስ ሲል፣ ማጄላ «ነይ» አለቻት።

ወታደር ወደድሽ ተብላ፣ ከመብራት ምሰሶ የታሰረች፣
ሬንጅና ላባ ለብሳ፣ እስኪነጋ የቆመች።
ኔሳ ከመዝገቡ ታነባለች፤ ቀኑን፣ መንገዱን፣ የምስክር ብዛት፤
ማጄላ ሳቀች፤ ጥርሷን አውልቃ እስክታስቀምጥ ሳቀች፤ «ለቀባሪው አረዱት!

«ወንዶቹማ ጥግ ቆመው፣ ሲጋራ ነው ሲያጨሱ።
ቆራጮቹ ሴቶች ናቸው፣ እሑድ ከኔ ጋር ያስቀደሱ።
አንዷ ጥሩ እጅ ነበራት፤ አንድም ቦታ አላደማችኝ፤
መቀሷ ረጅም፣ የፋብሪካ፤ ‹ልጄ፣ አትነቃነቂ› አለችኝ።
አረንጓዴ ካፖርት፤ ሦስተኛው ቁልፍ ግን ነጭ፣ የሸሚዝ።
ስሟንማ ሆድ ይፍጀው።
ሻይሽ በረደ።»

ቴፑን ዘጋች። በዝናብ ነዳች።
ድልድዩ ላይ መኪና ሲጠሩምባባት፣ መቆሟን አወቀች።

ከጠረጴዛዋ መሳቢያ፣ ረጅም መቀስ አለ፤
አርባ ዓመት የሟች ዜና፣ ከጋዜጣ የነጠለ።
ነጩን ቁልፍ የሰፋችው ልጅ፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ፣
ኔሳ ናት፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «አማረብሽ» ያለች ለእናቷ።

አራተኛው መጽሐፍ፣ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሁለት ቀን ቀረው።
ከማጄላ ቃል ጫፍ ላይ፣ ትንሽ ቁጥር አኖረች፤
ግርጌ ወረደች።
«ቆራጯ የ…» ብላ ጻፈች፣
ሰረዘች።
ወንዙ እስኪጨልም ጠበቀች።
ከዚያ፣ እንደ ማንኛውም ማስረጃ፣ በደቃቁ ፊደል፦
«መቀሱ በደራሲዋ እጅ ይገኛል።»