ከዘጠነኛው ደረጃ

ግቡ፤ ጎንበስ በሉ፣ ጉበኑ ዝቅ ይላል፤
ቤቱን ያላወቀ ግንባሩን ይመታል።
አዎን፣ ደረጃው ነው፤ ያያችሁት፣ ይኸው፤
ደብሪቱ የወደቀች ከዘጠነኛው።
ሃምሳ ብር ብቻ ነው፤ ቁሙ፣ ግድ የለም፤
መብራቱን ላብራ እንጂ እኔስ አልቸኩልም።
በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አምስቴ፣
ትወድቃለች እዚህ በገዛ አንደበቴ።
ባጃጁም «ደብሪቱ!» ይላል ከፒያሳ፤
የሠሪው፣ የኗሪው፣ የሁሉ ስም ተረሳ።

ዝባድ በቀንድ ቋጥሮ፣ መተማ ወርዶ ወጥቶ፣
ነጋድራስ እንግዳሸት ጠገራውን አምጥቶ፣
ይህን ግንብ አቆመ።
                ማለት፣ ያቆመስ ይርዳው ነው፤
የወለቃ ግንበኛ፣ እጁን ኖራ የበላው።
እዚህ ከመስኮቱ ሥር፣ ልስኑ ሳይደርቅ ገና፣
አውራ ጣቱን ተጭኗል፤ ዛሬም አለ ደህና።
ስሙን ላይጽፉለት ጣቱን ትቶ ሄደ፤
እኔም በልጅነቴ ጣቴ እዚያ ለመደ።

ጣሊያን ገባ ደግሞ፤ ሎሚ አስመስሎ ቀባው፤
ፒያኖ በመስኮት በገመድ አስገባው፤
ሲሸሽ ጥሎት ሄደ፤ ዶሮ ገባችበት፤
ማለዳ ማለዳ፣ አሉ፣ ሽቦው ይጮህ ነበር
እንቁላል ስትጥልበት።

ከዚያ አዋጁ መጣ። ትርፍ ነው ተባለ፤
አንዱ ቤት አሥራ አንድ ሆኖ ተከፈለ፤
ሳሎኑ በጣውላ፣ ጣውላው በጋዜጣ፤
የባለቤቱም ዘር በአንድ ሻንጣ ወጣ።
ሰባት ቁጥር እኛ። ኪራዩ ሁለት ብር።
ዘርትሁን፣ እናቴ፣ ከዚህ ደረጃ ሥር
ዩኒፎርም ሰፋች በሰማያዊ ክር፤
እዚያው ወለደችኝ፤ ጣሪያው ያፈስ ነበር፤
ጎረቤት ባልዲ ይዞ ከራሷ በላይ ሲያድር።
እዚያው ሞተች ደግሞ። አልወደቀችም፣ አይ፤
በሳል ነው፣ ቀስ ብላ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ።

ካሜራው የመጣው በአራተኛው ዓመት፤
አሥራ አንዱን አባወራ አዘዞ ሰደዱት፤
ጣውላውን ነቅለው ጥንታዊ አስመሰሉት፤
ሰገነቱ ጀሶ ነው። እንዳትደገፉት።
ቤቱን ያውቃል ብለው እኔን አስቀሩኝ፤
ደብሪቱ ስትወድቅ ፍራሽ አስያዙኝ።
ሰባት ጊዜ ወደቀች። ስድስቱን አልወደዱት።
ፍራሹን የዘረጋሁት
እናቴ ካሳለችበት፣
መኪናዋ ከቆመችበት።
በሰባተኛው አገር አለቀሰ፤
እኔም አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ
እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

ባለፈው ክረምት ግን አንዲት ባልቴት መጣች፤
ሃምሳዋን ከፈለች፤ ፎቶ አላነሳች።
ዣንጥላዋን ይዛ ደረጃውን ወጣች፤
ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣
ዘጠነኛውን ዘላ አሥረኛው ላይ ቆመች።

ዘጠነኛው ድንጋይ ድሮ ይነቃነቅ ነበር።
ለቀረጻው ብለው ሲሚንቶ ቢሞሉትም
የዚህ ቤት ልጅ ሁሉ ዛሬም አይረግጠውም።
«የነጋድራስ ወገን ነሽ?» ልላት አፌን ከፈትኩ፤
የወጣው የለመደው ነው፦
«እዚህ ጋ ነው እንግዲህ፣ ደብሪቱ የወደቀችው…»
ሰማችኝ እስከ ጫፍ። «አሳዛኝ ነው» አለች።
ስትወርድ ከመስኮቱ ሥር ጥቂት ዘገየች፤
አውራ ጣቷን ይርዳው ጣት ውስጥ አስገባች፤
ዣንጥላዋን ዘርግታ በቀሃ በኩል ሄደች።

ስሟን በኋላ አየሁት፣ ከጎብኚው መዝገብ ላይ፤
«የሻረግ እንግዳሸት። ጥሩ ተጠብቋል» ይላል።
ሃምሳ ብሯ ይኸው፤ ሳልመነዝረው ቆይቷል።

በሉ እናንተ ቁሙ፤ ተነሱ ፎቶውን፤
ከዘጠነኛው ላይ። ልያዝላችሁ ቦርሳውን?
ብቻ ወደ ሥሩ፣ ወደ ጨለማው ጥግ፣ አትግቡብኝ፤
ሴትዮዋ ሰፍታ አልጨረሰችም።