የአንድ እጅ ጓንት

ጥንቸል ሣልኩ፤ ጆሮዋን ከሌላ ሰው መጽሐፍ ሳላውቅ ተበድሬ፤
ድብ ሣልኩ፤ ይሄን ሆድ የት ነው የማውቀው? አልኩና ቀደድኩት ተማርሬ፤
ሦስተኛው ቀበሮ ነው፤ ሸሚዝ አለበስኩት፣
መነጽር ጨመርኩት፣
እሱም እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን አየሁት፤
«እንተዋወቃለን» አለኝ፤ ላጲሴን አነሣሁት።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ መርከብ መጠገኛው ቤት፣
ብሎን ስሥል ኖርኩኝ፣ ቧንቧ ከነስፋት።
ብሎን አይስቅም፣ አያኮርፍም ፊቱ፤
ልኩ ልክ ከሆነ፣ ያው ነው ውበቱ።
ፊት ግን ሌላ ጣጣ ነው፦
በሁለት ዓይን መሃል የሩዝ ፍሬ የምታህል ቦታ ብትጠፋ፣
ሕፃኑ ጡረተኛ ሆኖ ጋዜጣ ላይ አንቀላፋ።

ጥር ነው፤ ሊየፓያ፤ ነፋሱ ከባልቲክ ተነሥቶ
ኮፍያ ይሰበስባል፣ እንደ ግብር ሰብሳቢ ተቆጥቶ።
ትራም እጠብቃለሁ።
አጥሩ ላይ፣ ከሹሉ እንጨት ጫፍ፣ አንድ ጓንት ተሰክቶ፤
(የወደቀ ጓንት ባገራችን አይረገጥም፤
ያገኘ ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል፣ ወደ ቤቱ አይወስደውም።)
የሱፍ ጓንት ነው፤ አራቱ ጣቶች ባንድ ቤት የሚያድሩበት፣
አውራ ጣት ግን ኮርፎ ጎጆ የወጣበት።

ያ ጣት አልነበረም፤ አፍንጫ ነበረ፣
ከአላፊው ሁሉ ሽታ የአንድን ሰው ሽታ የመረመረ።
ትራሙ መጣና ሄደ፤
እኔ ያለፈ ሳምንት ቲኬት ጀርባ ላይ እሥል ነበረ።

ኢክሺ አልኩት፣ አውራ ጣት ከምንልበት ቃል ጫፏን ቆርጬ፤
ቀይ አለበስኩት፣ ቀለሙን በቀዘቀዘ ሻይ በጥብጬ።
ከፊት ሣልኩት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ወድቆ፣ ተኝቶ፤
ጥላ ብቻ ሲሆንም ይታወቅ እንደሆን፣ ሁለመናው ጥቁር ተቀብቶ።
ታወቀ።

አርቪድስ፣ አሳታሚው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
«አፉስ? ልጆች ፈገግታ ይወዳሉ» አለ፣ እርሳሴን ከእጄ ነጥሎ።
መልሼ ወሰድኩት። «አፍ የለውም፤
የሚጠብቅ ነገር አፍ አያስፈልገውም።»
«ገበያውስ?» «ገበያውም ይጠብቅ።» ተኮራረፍን፤
ሾርባው መሃላችን ቀዘቀዘ፤ ለየብቻ ከፈልን።

ገጽ ዘጠኝ ላይ ሌላ መከራ፤ የመጽሐፉ ስፌት አፍንጫውን ዋጠው፤
ከገደል እንደሚወጣ በግ፣ ኢክሺን ወዲያ አዙሬ አወጣሁት፤ ተረፈ፤ ደስም አለው።
ከዚያ ወዲያ ያሉት ገጾች፣ ዞሮ እንደቆመ ተከተሉት።

መጋቢት ላይ ረቂቁን ይዤ መዋዕለ ሕፃናት ሄድኩ፤
እርጥብ ካልሲ የሚሸት ክፍል፤ ድንክ ወንበር ላይ ተሰብስቤ ተቀመጥኩ።
አነበብኩ። ገለጥኩ።
ማዳራ የምትባል፣ ንፍጧ ከከንፈሯ ያረፈ፣
ጣቷን ገጽ ዘጠኝ ላይ ተከለች፤ እርጥብ ክብ ተጻፈ።
«ይሄ ሌላ ነው።»
«የቱ?»
«እዚያ አፍንጫው ወዲህ ነበር። እዚህ ወዲያ።»

ወለሉ ከዳኝ። ብሎን በፀጉር ልክ የለካሁ እኔ፣
ግራና ቀኝ ስቼ፣ ይሄው ለሁለት ወር አላየሁም በዓይኔ።
አርቪድስ አላየም። አራሚዋም አላየችም።
ስሕተት ነው ልል አፌን ስከፍት፣ እሷ አልጠበቀችም፤
ሁለት እጇን ዘረጋች፣ አውራ ጣት ካውራ ጣት አጋጥማ፦
«ያኛው ነው እኮ! ሲፈልገው የነበረው» አለች፣ እኔን ልታስረዳ ደክማ።

ላጲሴ መሳቢያ ውስጥ ነው።
ገጽ አሥራ ሦስት ባዶ ነው፤ በግራ ጠርዝ ቀይ ነጠብጣብ፣ በቀኝ ጠርዝ ቀይ ነጠብጣብ፣
መሃሉ በረዶ፣ ማንም ያልረገጠው።

ማታ አርቪድስ ደወለ፦ «አሁንስ ይስቃሉ?»
አላውቅም አልኩት።
ገና መች ተገናኙና።