ጎጆ መውጫ

«ከዞርሽበት ሁሉ የቱ አገር ይበልጣል?»
ጠያቂው ቸኩሏል፤ ስም ብቻ ይፈልጋል፤
ፓሪስ ብለው ይበቃዋል፣ ሮም ብለው ይረካል።
ምላሴ ላይ ቀድሞ የሚመጣው ግን ሌላ፤
ከቺሌ ደቡብ ጫፍ፣ ከጉም በስተኋላ፣
ዝናብ የማይለቃት የቺሎዌ ደሴት፣
እንደ ዓሣ፣ ቅርፊት በቅርፊት
እንጨት የለበሰች አንዲት ቢጫ ቤት።

አባቴ ዋልዶ ቫልፓራይሶ ላይ አውቶቡስ ነጂ ነው፤
አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድ መስመር የሚያመላልሰው፣
ዳገት ሲያወጣው፣ ቁልቁለት ሲመልሰው።
የካቲት ሲገባ (ለዚያ አገር በጋ ነው)
የብስኩት ጣሳውን ገልብጦ ይቆጥርና
ይዞን ይወርዳል በሌሊት ጎዳና፤
ሁለት ቀን አውቶቡስ፣ ከዚያ ጀልባ፣ ከዚያ ጭቃ።
«በዕረፍትም አውቶቡስ!» ትላለች እናቴ
በየፌርማታው ስትነቃ።

በዘጠኝ ዓመቴ፣ እንደ ልማዳችን ደርሰን፣
ቤቱ እንደ መንገደኛ ታጥቆ ቆሞ ቆየን፤
ከመሠረቱ ተነቅሎ፣ ግንድ ላይ ተጭኖ፣
ወገቡ በገመድ ተጠፍሮ፣ ፊቱ ወደ ባሕር ሆኖ።
«ልጄ አግብታ ማዶ ናት» አለ አከራያችን
ዶን ኖልቤርቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፤
«ጎጆ መውጫ ቸገረኝ፤
ጎጆውን ልላክላት» አለና ሄደ ስቆ።

እናቴ ሻንጣዋን ጭቃው ላይ አስቀምጣ
«ቀብድ ከፍለናል!» አለች፣ ፊቷ ደም መጥጣ።
«ቀብድ የከፈልነው ለሚሄድ ቤት ነው ወይ?»
አባቴ አልመለሰም። ጫማውን ፈታ፤
ገመዱን ያዘ፣ ቆሞ ከሰው ተርታ።

ሚንጋ ይሉታል እዚያ። ደቦ ነው፣ ሌላ አይደለም፤
ቆጣሪ የለበትም፣ ደመወዝ የለም፤
የጎረቤት በሬ፣ የጎረቤት ትከሻ፣
ማታ የሚበላው ነው የድካም ማካካሻ።
ስድስት ጥማድ በሬ ተሰለፈ ከፊት፣
እኛ ልጆች ከኋላ፣ ግፊያችን ጩኸት።
ቤቱ አንዴ አቃሰተ፣
ሽማግሌ ከመደቡ እንደሚነሣ፤
ከዚያ ተንሸራተተ
ሣሩን እያስተኛ፣ አጥሩን እየረሳ።
በላይኛው መስኮት፣ ማንም ያላወጣት
ግራጫ ድመት ቁልቁል ታየናለች፣
ባቡር እንደ ተሳፈረች እመቤት።

ባሕሩ ሲሞላ ቤቱ ውኃ ገባ፣
በባዶ በርሜሎች ታዝሎ፣ ከፊቱ አራት ጀልባ።
ሰው ሁሉ ዝም አለ።
መካከል ላይ ሲደርስ ወደ ግራ ዘመመ፤
የዶኛ ኤርሲሊያ እጅ አየር ላይ ቆመ፤
«ምድጃዬ!» አለች፤ ሌላ ቃል አልወጣት፤
አምስት የወለደችበት፣ እናቷን የቀበረችበት፣
ሁሉ ጠፍቷት ምድጃው ነው የመጣላት።

ቀና አለ።
አባቴ ጮኸ። ከዚያ በፊት ሲጮህ ሰምቼው አላውቅ፤
መሪ ብቻ የለመደ መዳፉ ተልጧል፣
እሱን እያየ ይስቅ፣ ይስቅ።

ማዶ፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ በጋለ ድንጋይ፣
ዛጎሉ ተከፍቶ፣ ድንቹ ቅጠል ላይ፣
ኖልቤርቶ መጣና ለእናቴ ቁልፉን ሰጣት፦
«ቀብድሽ አልጠፋም፣ ቤትሽ ይኸው፤
የባሕሩ ጉዞ ምርቃት።»
ገባን። ያው ደረጃ ያው ቦታ ላይ ይጮሃል፤
ያው የበር መቃን፣ ቁመቴ በእርሳስ ተሰምሮበታል።
ሳይጨልም ማዶውን በመስኮት አየሁት፤
የወጣንበት ዳርቻ
ጥርስ የወለቀበት ድድ ይመስል ነበር፣
ቤቱ የነበረበት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዞሬያለሁ፤
ለሥዕል፣ ለሐውልት፣ ለፏፏቴ ተሰልፌያለሁ፤
ፎቶውን አይቼ «ይሄ የት ነበር?» ብያለሁ።
ያቺን ማለዳ ግን አልረሳም፤
ፀሐይ በማትመጣበት በኩል ገባች፣
በኩሽናው መስኮት፣ ዓይናችንን ወጋች።
«ማነው ፀሐዩን ያዞረው?» ብላ እናቴ ተቆጣች፤
ከመኝታ ቤቱ መጋረጃውን ፈታች፤
ወንበር ላይ ወጥታ፣ ምስማር በከንፈሯ ነክሳ፣
እኛን ቁርስ አስጠብቃ፣
ኩሽናው ላይ ሰቀለችው።
ዕረፍታችን ገና አሥራ ሦስት ቀን ነበረው።