የጣት ቀለም

ከአጂፕ ከፍ ብሎ፣ ከደብሩ ጓሮ፣
ዝናም ያደረበት ያረጀ ቆርቆሮ፣
ከሥሩ እኔ አለሁ፣ ቁልፉ ባንገቴ፤
የሰው ቸርነት መቁጠር፣ ይኸው ነው ሹመቴ።

"ጻፊ" ይሉኛል ሰብሳቢው፣ "አንድም እንዳታስቀሪ፤
ነገ ለሚመጣው ኦዲተር አንቺ ነሽ ተጠሪ።"

እጽፋለሁ፦
ዱቄት፣ አሥራ ዘጠኝ ኩንታል፤ ሁለቱ የረጠበ።
ብርድ ልብስ፣ አርባ ሦስት፤ አዲስ፣ ውሃ ያልነካው፣ ያልታጠበ።
ሳሙና፣ አንድ ካርቶን ተኩል፤ ግማሹ
ከሊስትሮ ልጆች ነው፣ እጃቸውን ሳይታጠቡ ካመሹ።
በርጩማ፣ አንዲት፣ ባለ ሦስት እግር።
አባ ጨብሳ ነው የጠረባት፣ ከአንድ ግንድ፣ ያለ ምስማር፤
ግምጃ ቤቱን መቅደስ መስሎት ጫማውን ደጅ አውልቆ፣
"ለአዋላጇ ናት" አለኝ፣ ላቡን በክንዱ አድርቆ፤
"ጦርነት ምጥ አያስቀር። ቁጢጥ ብላ እንዳታዋልድ።"
የትኛው ዓምድ ላይ ልጻፋት?
"ልዩ ልዩ" ከሚለው ሥር፣ ከጧፉና ከገመዱ ጋር ገባች።

ከዲዴሳ ማዶ ነው የሚሄደው፤
አርባ ሦስት አባወራ፣ ከነልጁ፣ ከነአሮጊቱ፣
በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተጠግቶ፣
ከፊቱ ተኩስ፣ ከኋላው ተኩስ፣
ደወሉን እንኳ መደወል ፈርቶ።

ሹፌሩ ሁሉ ስልኩን ሲያጠፋ
ተማም አባ ዲኮ ብቻ አነሳ።
ረመዳን ነበር። ውሃ ሳይቀምስ ጫነ፣ ሸራውን ወጠረ፣
በኪራዩ ጉዳይ ከሰብሳቢው ጋር አጥብቆ ተከራከረ፤
እሱ "የነዳጁን ብቻ"፣ እሳቸው "አይሆንም፣ ጨምር"።

ኬላ ላይ አስቁመውት፣ "ምን ጫንክ?"
"ብርድ ልብስ።"
"ለማን?"
"ለበረደው።"
ይህን ሲነግረኝ ሳቅ አለ፤ የሳቀው እዚያች ላይ ብቻ ነው።

በዘጠነኛው ቀን ባዶውን አይሱዙ ደጃፍ አቆመ፤
ጭቃው እስከ መስኮቱ። እሱም ሳይቀመጥ እንደ ቆመ
ከደረቱ ኪስ የታጠፈ ዝርዝር አወጣልኝ።
አርባ ሦስት ስም፣ በእጄ የጻፍኩት።
ሠላሳ አንድ የአውራ ጣት አሻራ ቆጠርኩ።
ደግሜ ቆጠርኩ።
"የአሥራ ሁለቱስ? ብርድ ልብስ አልደረሳቸውም?"
"ደርሷቸዋል።"
"ታዲያ ጣታቸው?"
መሬት መሬት አየ።
"መግነዝ አልነበረም፣ እህቴ።
ጸሎታቸውን ስለማላውቅ፣ እኔ አካፋ ያዝኩ።"

ዝናሙ ያን ቀን አላቋረጠም።
ኦዲተሩ ደግ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን እየወለወሉ፣
"ፊርማ የሌለው ወጪ በደንቡ ጉድለት ይባላል" አሉ።
እውነታቸውን ነው።
ጉድለት ነው።

ማታ፣ ሁሉም ሲሄድ፣
የማኅተሙን ሐምራዊ ቀለም ከፈትኩ።
ስማቸውን አንድ በአንድ ጠራሁ፣ ድምፄን ሳላሰማ፣
ከዲንቂቱ ጀምሬ እስከ መምሬ ወልደ ሰንበት፣
አውራ ጣቴን በየስማቸው አንጻር አተምኩ፤
አሥራ ሁለት ጊዜ።
ሐሰት ነው፤ አውቃለሁ። ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ፣
ግን ገና አልነገርኩም።

ከዝርዝሩ ጀርባ በከሰል የተጻፈ ነበር፦
"በርጩማዋ ደርሳለች፣ ሥራም ጀምራለች።
ጨው የለንም። ጨው ላኩ።"

ሐሙስ ሂርማታ ወረድኩ፣ ጆንያ ይዤ።
ጣቴ በአጃክስ አልለቀቀ፣ በሎሚ አልለቀቀ።
ጨው ሻጩ ሚዛኑ ላይ እንዳጎነበሰ ጣቴን አይቶ ጠየቀ፦
"ምርጫ ነበር እንዴ? እኛ ሳንሰማ!"

"ምርጫስ አልነበረም" አልኩት። "ሙላው፣ እስከ አፉ።"