ቦታ ይያዝ

ሱቄ ከፖስታ ቤት ማዶ ነው፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፤
ያዳማ ነፋስ አቧራውን ኪቦርድ ውስጥ በሚዘራበት ቀን
ወይዘሮ ዲንቄ ገባች፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ፣
የዋቅጅራን ኮምፒዩተር ባልጋ ልብስ ጠቅልላ፣
እንደ ሕፃን አንገቱን ደግፋ።

«የጂቡቲ መኪና ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው፣ ነፍሱን ይማር፤
ሰሌዳ፣ ኮንቴይነር፣ ኪሎ። ሌላ ምን ወሬ ነበር?
አንዲት ብቻ ፈልግልኝ፣ ካሰላ የጻፍኩለት፣
በዚያ በክፉው ዓመት።
‹አልደረሰኝም› አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት አመንኩት።»

ከፈትኩት።
ሰው የሚመስለው ደብዳቤ ሁሉ የየራሱ ፖስታ ያለው ነው።
የለውም። ሁሉም አንድ ፋይል ነው፣
አዲስ የመጣው በነበረው ጭራ ላይ የሚቀጠልበት፣
«ፍሮም» የምትል አንዲት ቃል አጥር ሆና የምትቆምበት።
ደግሞ ጸሐፊው ራሱ መስመሩን በዚያችው ቃል ቢጀምር፣
ፕሮግራሙ ከፊቷ ትንሽ እሾህ ይተክላል፣
አጥር መስላ እንዳታደናግር።

የተሰረዘውስ?
የባለሱቅ የዱቤ ደብተር አይታችኋል?
መስመር ይሰመርበታል፣
ስሙ ግን ከሥር ይነበባል።
ከራስጌው አንዲት ቁጥር ትለወጣለች፣ ያ ብቻ ነው፤
መስኮቱ ላይ አይታይም፣ ገላው ግን እዚያው ነው የተኛው፣
«ጨምቅ» የምትለዋን ትእዛዝ አንድ ሰው እስኪጫን ድረስ።
ዋቅጅራ አንድም ቀን አልተጫናት።

ሰማንያ ሺህ መስመር ወረድኩ፦
ጎማ፣ ማዳበሪያ፣ ብረት፣ የተበላሸ መኪና ሚሌ ኬላ፣
ከዚያ፣ በሁለት የጭነት ዝርዝር መሃል፣ ሌላ
ድምፅ።
አላነበብኩትም። ቀኑን አየሁ፣ ስሟን፣ የራስጌውን ቁጥር።
ደርሷል።
ተነብቧል።
ተሰርዟል።

ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን አሳረፈ።
ነፋሱ የጣራዬን ቆርቆሮ አንዴ አንስቶ መለሰ።
ከሦስቱ ቃል የትኛውን ልስጣት?

«ደርሷል» አልኳት።

ሳቀች። እንዲህ ትስቃለች ብዬ አልጠበቅኩም።
«አውቅ ነበር እኮ» አለች። «ካሰላ ስመለስ ነው፣
የበላበትን ሳህን ራሱ ማጠብ የጀመረው።»

ከዚያ ዝም አለች። እኔም የሙያዬን ያህል፦
«ፋይሉ የተሰረዘ ተሸክሟል፤ ልጨምቀው? ማሽኑም ቀለል ይለዋል፣
ግማሽ ቦታ ይተርፋል።»

ያልጋ ልብሱን ጫፍና ጫፍ አገናኘች፣ ቋጠረች።
«ተወው» አለች።
«ቦታ ይያዝ።»