ዓይነ ምድር

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ፐርዝ ገና ተኝታ፣
ሃያ አምስት ቶን ጥቁር ጫንኩኝ በዝምታ፤
ከማጣሪያው ግቢ፣ ከጋኖቹ እግር ሥር፣
ከተማ የረሳው ተብላልቶ ሲያድር፣
ተጨምቆ፣ ሰክኖ፣ ትኩሳቱ ወጥቶ፣
የመጣበትን ቤት፣ አድራሻውን ረስቶ።

ሰው ቁልፉን ይጫናል፣ ውሃው ዞር ይላል፣
እጁን ይታጠባል፣ ነገሩ ያልቃል።
ለእሱ ያልቃል። እኔ ከዚያ እጀምራለሁ፤
ባለቀ ነገር ላይ ልጅ አሳድጋለሁ።

መንገድ ዳር ምግብ ቤት ለቁርስ ብዬ ስቆም
ግሌንዳ መስኮቱን ትከፍታለች አስቀድም፤
«ዳርኮ፣ ሽታህ መጣ፣ አንተም ተከተልከው»
ብላ ሳህኔን ውጪ፣ ደጃፉ ላይ አኖረችው።

ወደ ምሥራቅ፣ ሦስት ሰዓት፣ አቧራ እየጠጣሁ፣
ከሜርል ትሬሎር ማሳ ከበሩ ላይ መጣሁ።
ነጭ አሸዋ ነው፣ ወዝ የሚባል የሌለው፣
ዝናብ እንኳ ቢወርድ የማይቀበለው፤
ጠብታው እንደ ዶቃ ላዩ ላይ ይንከባለላል፣
አንድ ጣት ሳይሰርግ በነፋስ ይወሰዳል።
የባሏ አያት ነው ዛፉን የመነጠረው፣
ከዛፉ ጋር አብሮ ጥላውን ያባረረው፤
ከዚያ ወዲህ ስንዴው ሄደ፣ የበጉ ፀጉር ሄደ፣
ወደብ ወረደና በመርከብ ተሰደደ።
«መቶ ዓመት» ትላለች፣ «ይኸ መሬት ወጪ ነው፤
ገቢ ሲባል ያየሁት ያንተን መኪና ነው።»

ማንሻውን ሳብኩት፤ የመኪናው ጀርባ ቀና አለ፣
ጥቁሩ ከነጩ ላይ ወርዶ ተቀላቀለ።
ዓይነ ምድር ይሉታል ሰው አፍሮ ሲጠራው፤
ይኸ አሸዋ ዕውር ነው፤ መጣሁ ዓይኑን ላበራው።

ወረቀት ሰጠኋት፦ ካድሚየም ስንት፣ ዚንክ ስንት፣
ከጉድጓዱ ውሃ በስንት ሜትር ርቀት፣
በጎቹ ስንት ቀን ከማሳው ይታገዱ።
መነጽሯን አድርጋ አነበበች ባንድ ባንዱ።
«ያልለኩትስ?» አለች፣ ወረቀቱን አጥፋ፤
«የሰው ኪኒን፣ የሰው ሳሙና፣ ያ ሁሉ የት ጠፋ?»
እኔ ሹፌር ነኝ።
መልስ አልጫንኩም።
ብዙ ቆየች። ከዚያ ፈረመች።

ጎረቤቷ ኔቪል አጥሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅሏል፤
«ፐርዝ ሆይ፣ እዳሪሽን እዚያው ያዢ» ይላል።
ያን ቀን ራሱ መጣ፣ አፍንጫውን ይዞ፣
«ሜርል፣ ባልሽ ቢኖር...» አለ ተክዞ።
«ባሌ ቢኖር አካፋ ይዞ ይቆም ነበር።
ልጅህ ሮዝሊን ከነልጆቿ ፐርዝ አይደል የምትኖር?
እንግዲያው ሰላም በላት፤ እዚህም ድርሻ አላት።»
ኔቪል አልሳቀም።
እጁ ግን ከአፍንጫው ወረደ።

ከዝናቡ ወዲያ፣ ስንዴው ዛላ ሲያወጣ፣
ሌላ ጭነት ይዤ በዚያው በር ስመጣ፣
ጭነቴ የደረሰበት በመስመር ይታያል፦
ወዲህ ጥቁር አረንጓዴ፣ እስከ ወገቤ ይሞላል፤
ወዲያ የገረጣ፣ አጭር፣ እንደ ታማሚ ጺም።

በመካከሉ ደግሞ ማንም ያልዘራው ቲማቲም።

አንዱ ከተማ ላይ፣ እራቱ ላይ ሰላጣ በላ፤
ፍሬው በሆዱ አለፈ፣ በቱቦ፣ በጋን፣ በመኪናዬ ኋላ፤
ስንቱ ነገር ሲሞት እሱ ግን አልሞተም፤
ቀልቶ፣ ቆሞ አየሁት፤ ያለ አንዳች ኀፍረትም።
ሜርል አልቀመሰችውም፤ ደንቡ አይፈቅድም አለች፤
ግን ነፋስ አጉብጦት በሽቦ ደገፈች።

ኔቪል ከአጥሩ ማዶ ጠራኝ ድምፁን ቀንሶ፣
ጫማውን እያየ፣ ጎሮሮውን ጠርሶ፦
«ላንድ ጭነት... ስንት ነው? ለእኔ አይደለም፤ ለሰው ነው።»
ሰሌዳው አሁንም ከጀርባው ተሰቅሏል እንዳለው።

ባዶ መኪናዬን ይዤ ወደ ምዕራብ ነዳሁ።
ከተማው መብራቱን ሲያበራ ደረስኩ።
በየመስኮቱ ሰው ወንበር ይስባል፣ ሳህን ይቀርባል፣ ያወራል።
የነገው ጭነቴ ገበታው ላይ ነበር።